ለመኖር ሜሪላንድ ይሻላል ወይስ ቨርጂኒያ?

ዋሽንግተን ዲሲን በሚያዋስኑት በእነዚህ ሁለት ስቴቶች ያለ አበሻ ሰፈሩን ይወዳል፤ የታክስ ወሬ ሲነሳ ግን ምሬቱ ይጀምራል። ቨርጂኒያ የሚያንገበግበው የመኪና ታክስ ነው። መኪናህን ገዝተህ፣ ዕዳውን ከፍለህ ጨርሰህ እንኳ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) በየዓመቱ የዋጋዋን ግምት እያሰላ ያስከፍልሃል፤ ባል፣ ሚስትና ልጅ የየራሳቸውን ለሚነዱበት ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። በሰዓት ከ85 ማይል በላይ ስትነዳ ከተያዝክ ደግሞ ጉዳዩ ተራ ትኬት ሳይሆን የወንጀል ክስ ነው።

ሜሪላንድ ይህ የመኪና ታክስ የለም። ግን ከስቴቱ የገቢ ታክስ በተጨማሪ ካውንቲውም የራሱን ከደሞዝህ ይወስዳል።

እንጀራና ቡናው ሁለቱም ጋ ሞልቷል። እኔ ሜሪላንድን እመርጣለሁ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከባቡር ወርደህ በእግርህ አበሻ ምግብ ቤት ትገባለህ። ሥራው ቨርጂኒያ የሆነ ሰው ግን እዚያው ቢከራይ ይሻለዋል፤ ሁለቱን ስቴቶች በሚያገናኘው በአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ጠዋት ማታ መመላለስ ዕድሜ ይጨርሳል።