ዋሻው ወይስ ደመናው? በበረራ ላይ የሚጋገር በረዶ ሲፈተሽ

የናሳ የበረዶ ንፋስ ዋሻ፣ ማለትም ንፋስ እየነፈሰ የአውሮፕላን ክፍሎች የሚፈተሹበት ሰው ሠራሽ ዋሻ፣ አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። አየሩን ያቀዘቅዙና ደቃቅ ውሃ ይረጩበታል። ጠብታው ከዜሮ በታች ሆኖም ፈሳሽ ነው፤ ክንፍ ሲነካ ግን ይጋገራል። ሙቀቱንም የጠብታውንም መጠን እንደፈለጉ ይቀይራሉ፣ ይደግሙታል። ማንም ለአደጋ አይጋለጥም። ገና ለተጀመረ የአውሮፕላን ንድፍ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

እውነተኛ ደመና ውስጥ መብረር ሌላ ነው። ናሳ ትዊን ኦተር በተባለ አነስተኛ አውሮፕላን ለዓመታት ሞክሮታል። ደመና ግን በቀጠሮ አይመጣም፤ ወጪውም ከባድ ነው። ቢሆንም አውሮፕላኑ በረዶ ተሸክሞ ለአብራሪው እጅ እንዴት እንደሚታዘዝ የሚታየው እዚያ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ኤቲአር 72 የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን ተከስክሶ 68 ሰው አልቋል። ትልልቅ ጠብታዎች፣ በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ እየተነፋ በረዶ የሚሰብረው ላስቲክ ከማይደርስበት ቦታ ላይ የበረዶ ሸንተረር ሠርተው ነበር።