ፔዳሉ ሲደነድን፦ ሰርቮ ልግዛ ወይስ ፓምፕ?

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ላንድክሩዘር የሚነዳ ሰው ፍሬኑ ሲደነድንበት የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ሰርቮው ሄዷል»፤ ማለትም የእግርን ግፊት የሚያግዘው ዕቃ ተበላሽቷል። እኔም ኤችጄ 60ዬን ይዤ ከጢስ ዓባይ ስመለስ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝና መንገድ መሐል የቆመች አህያ ፊት በሁለት እግሬ ተጭኜ ነው ያቆምኳት። ሰርቮ ቀየርኩ። ፔዳሉ አልለሰለሰም፤ ጥፋቱ አየር ስቦ ለሰርቮው ቫኪዩም (ባዶነት) የሚፈጥረው የፓምፑ ነበር።

የቤንዚን ሞተር ቫኪዩሙን ራሱ ይሰጣል። ናፍጣ ግን ፓምፕ ይፈልጋል፤ በኤችጄ 60 ላይ ዲናሞው ጀርባ ተለጥፎ ከቺንጋው ጋር ይዞራል። ቺንጋው ከላላ ቻርጅም ፍሬንም አብረው ይደክማሉ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሞተር አጥፍታችሁ ፔዳሉን እስኪደነድን አራት አምስቴ ርገጡ። እንደረገጣችሁ አስነሱ፤ ትንሽ መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ከፓምፑ የሚመጣውን ቱቦ ከሰርቮው ነቅላችሁ በአውራ ጣት ድፈኑት። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ) ጣታችሁን ጠበቅ አድርጎ ካልሳበ ሰርቮ አትግዙ፤ ፓምፑን፣ ቱቦውንና ባለአንድ አቅጣጫ ቫልቩን እዩ። ቫልቩ በአፍ ሲነፋ በአንድ ወገን ብቻ ነው ማሳለፍ ያለበት፤ ከሁሉ ርካሹ ዕቃም እሱ ነው። የመጀመሪያው እርግጫ ለስላሳ ሆኖ የሚከተሉት ከደነደኑ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ ከተሻለ፣ በብዛት የደከመው ፓምፑ ነው። ቱቦው በደንብ እየሳበ ፔዳሉ ከደነደነ ወይም ከእግር ሥር «ሽሽሽ» ካለ ሰርቮው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ድረስ የሚወርድ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉ፤ ማስተሩን (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ሲሊንደር) ወይም ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር ፈልጉ።

ደግሞ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሰርቮ የሚገፋው በአየር ግፊት ስለሆነ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበት እዚህ ይጎድለዋል። የደከመ ሰርቮ ቶሎ የሚያጋልጠን ለዚህ ነው።

ፓምፕ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው፦ ቻርጁ ደህና ከሆነ ዲናሞውን አትንኩት፣ ፓምፑ ለብቻው ይፈታል። የዘይት ቱቦውን ግን አጽዱ፤ ደርቆ የዞረ ፓምፕ አዲስም ቢሆን አይቆይም።

ሰርቮ ከሆነ ምርጫው ያገለገለ ኦርጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ ነው። እኔ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ኮፒው ያብለጨልጫል፣ ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ግን ትንሽ ከረዘመ ፍሬኑ ይይዛል፣ ካጠረ ፔዳሉ ባዶ ይሄዳል። ያገለገለውን ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራም አምጡት ከዚሁ፣ ሳትፈትሹ አትክፈሉ። ቱቦ አገናኝታችሁ ሞተር አስነሱ፣ አጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ቫልቩን ንቀሉ፤ «ፏ» ብሎ አየር ካስገባ ይዟል። ዝም ካለ መልሱለት። ማስተሩ በሚገጠምበት ቀዳዳም ጣት አስገቡ፤ የፍሬን ዘይት ከነካችሁ ላስቲኩ ተበልቷል።

የእናንተው አሮጌ ሰርቮ በዘይት ርሶ ከወጣ የማስተሩን የኋላ ጎሚኒ አብራችሁ ቀይሩ። አለዚያ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ዘይቱ እየጎደለ አዲሱ ሰርቮ ውስጥ ይጠራቀማል።