የዳቦ እርሾ ወይስ ፒኪያ? ለተሻሻለ የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲን የሚሆነው የትኛው ነው

የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲንን ቅርጽ ማጥናት የፈለገ ቤተ ሙከራ መጀመሪያ የሚቸገረው ፕሮቲኑን በበቂ መጠን ለማግኘት ነው። የአጥቢ እንስሳት ሕዋስ ማሳደግ ኪስ ያራቁታል፤ ብዙዎች ወደ እርሾ ፊታቸውን የሚያዞሩትም ለዚህ ነው። ምርጫው በሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ ማለትም በዳቦ እርሾ፣ እና በፒኪያ ፓስቶሪስ መካከል ይሆናል።

ፕሮቲኑ የሚሻሻል ከሆነ በእኔ እምነት በቅድሚያ መገዛት ያለበት የዳቦ እርሾ ነው። ማሻሻል ማለት ጫፍ መቁረጥ፣ አሚኖ አሲድ መለወጥ፣ መሃል ላይ ሌላ ፕሮቲን መሰካት ነውና ብዙ ዓይነት መሞከርን ይጠይቃል። የዳቦ እርሾ የተቆረጠ ፕላዝሚድ (ጂን የሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) እና የጂን ቁራጭ አብረው ሲገቡለት ራሱ ያገጣጥማቸዋል። ከፕሮቲኑ ጫፍ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ከተቀጠለ ደግሞ የትኛው ዓይነት በብዛት እንደተመረተ በብርሃኑ ይለያል። ከሽፋኑ በሚያላቅቀው ሳሙና መሰል ዲተርጀንት ከሟሟ በኋላም በመጠን በሚለይ ዓምድ ውስጥ ሲያልፍ ሳይጓጎል መቆየቱን ያው ብርሃን ያሳያል። ፕሮቲኑን ለማጣራት ገንዘብ ከመፍሰሱ በፊት ደካማው ዓይነት ይወድቃል ማለት ነው።

የፒኪያ ጉልበት ብዛት ላይ ነው። ጂኑ ክሮሞሶም ውስጥ ስለሚገባ አይጠፋም፤ ሜታኖል ሲሰጠው የሚነቃው ኤኦኤክስ1 ፕሮሞተርም (ጂኑን የሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል) እጅግ ብርቱ ነው። ሆኖም የጂኑ ቅጂ ብዛት ከቅኝ ወደ ቅኝ (ከአንድ ሕዋስ ከተባዛ የእርሾ ክምችት ወደ ሌላው) ስለሚለያይ ብዙ ቅኞችን መፈተሽ ግድ ይላል፤ ጂኑ የገባላቸውን ሕዋሳት ለመምረጥ የሚያስፈልገው ዜኦሲን የተባለ አንቲባዮቲክም ውድ ነው። ፒኪያ በሜታኖል ሲያድግ ኦክስጅን አብዝቶ ይፈጃል፤ ያለ ፈርመንተር (አየርና ምግብ እየተቆጣጠረ ሕዋስ የሚያሳድግ ታንክ) በጠርሙስ ብቻ የሚሠራ ቤተ ሙከራ ከጥቅሙ ብዙውን ያጣል። ሜታኖል መርዛማና ተቀጣጣይ መሆኑም በማከማቻ ክፍል ዝግጅት ውስጥ ይታሰብ።

ሁለቱም እርሾዎች ፕሮቲኑ ላይ የማኖስ ስኳር ይለጥፋሉ፤ ሰንሰለቱን አብዝቶ የሚያስረዝመው ግን የዳቦ እርሾ ነው። ወጥ ያልሆነ ስኳር ቅርጹ የሚጠናበትን የፕሮቲን ክሪስታል ያበላሻል፤ ስኳሩ የሚለጠፍበትን አስፓራጂን በግሉታሚን መተካት የተለመደ መፍትሔ ነው። የሕዋሱ ግድግዳ በሁለቱም ጠንካራ ነው፤ በመስታወት ዶቃ መፍጫ ወይም ከፍተኛ ግፊት የሚፈጥር መሣሪያ በጀት ውስጥ ይግባ።

ሁለቱን አጣምሮ መጠቀምም ይቻላል። በ2011 ቅርጹ የታተመው የሰው ሂስታሚን ኤች1 ተቀባይ የተባለው የሽፋን ፕሮቲን ለዚህ ማስረጃ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሚሻል በዳቦ እርሾ ተመረጠ፤ የመጀመሪያዎቹ 19 አሚኖ አሲዶች የተቆረጡለትና ሦስተኛው የውስጥ ቀለበቱ ቲ4 ላይሶዛይም በተባለ ሌላ ፕሮቲን የተተካለት ዓይነት ግን በብዛት የተመረተው በፒኪያ ነው። ከዚያ ቀደም በ2005 የታተመው የአይጥ ኬቪ1.2 የፖታሲየም ቦይም ከፒኪያ የተገኘ ነው።

ፈርመንተር ያለው ሁለቱንም ይግዛ፤ የሌለው በዳቦ እርሾ ይቆይ። ፒኪያ የሚገዛ ደግሞ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች የጎደሉትን ኤስኤምዲ1163 ዝርያ ይጠይቅ። ፕሮቲኑ ያለ ኮሌስትሮል የማይሠራ ከሆነ ግን የእርሾ ሽፋን በኮሌስትሮል ፈንታ ኤርጎስቴሮል የተባለ ሌላ ስብ ስለያዘ፣ ከግዢው በፊት የአጥቢ ሕዋስ ወጪን ማስላት ይበጃል።