ዶሮ ወጡ ደብረ ብርሃን ትኩስ ደረሰ ወይ? ባለ 5 ሊትሩ ሆት ፖት

መልሱን ቶሎ ለሚፈልግ፦ ግዙት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «12 ሰዓት ትኩስ ያቆያል» የሚለውን ግን አትመኑ። በእኔ ልክ ለመንገዱ በደንብ ይበቃል፣ ለሌሊቱ ግን አይበቃም።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። የፋሲካን ዶሮ የምትሠራው እሷ ነበረች። ጉልበቷ ሲደክም፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት ቆሞ ማቁላላቱ ሲከብዳት፣ እኔ አዲስ አበባ ሠርቼ ይዤላት መሄድ ጀመርኩ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በአዘቦት ቀን ምንም አይደል፣ ቅዳም ሹር ዕለት ግን ከኮተቤ ለገጣፎ ለመድረስ ብቻ የሚፈጀውን ሰዓት የሄደበት ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ድስቱን በጋቢ ጠቅልዬ ነው የወሰድኩት። አመሻሽ ላይ ስንደርስ ወጡ ለብ ብሏል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሌሊት 9 ሰዓት እስክንገድፍ ድረስ እዚያው ጋቢው ውስጥ ቆየ፣ ከዚያ ትንሽ ሞቅ አድርገን በላን። በማግስቱ የእህቴን ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው ዋለ፣ እኔንም እንደዚያው። ቤት ውስጥ «55 ቀን ጾሞ የከረመ ሆድ ቅቤ ሲገባበት እንዲህ ነው» ተባለ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያ ለብ ያለ ድስት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ምክንያቱም ወጥ አንዴ ከፈላ ሁሉም ነገር ሞቷል ማለት አይደለም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል። ሥጋ ያለበት ትልቅ ድስት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ያ ዘር ይነቃና በፍጥነት ይራባል። ጋቢው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ወጡን ትኩስም ቀዝቃዛም ሳያደርግ ለባክቴሪያው በሚመቸው ሙቀት ላይ ለሰዓታት አቆየልን። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አጭር ነው፦ የበሰለ ምግብ እስኪቀርብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ፣ ካልሆነ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ። እኔም 60ን መስመሬ አደረግኳት።

ሆት ፖቱን መርካቶ ነው የገዛሁት። ውስጡ አይዝጌ ብረት ነው፣ ውጭው ፕላስቲክ፣ መሃላቸው ፎም። ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ አለው፣ በሁለት በኩል ይቆለፋል። ከቡና ፔርሙስ ጋር አታምታቱት። ፔርሙስ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል አየሩ የወጣ ስለሆነ ሙቀት የሚያመልጥበት መንገድ ትንሽ ነው፤ ይሄኛው ግን ፎም ስለሆነ ይዘገያል እንጂ ማምለጡ አይቀርም።

የምግብ ቴርሞሜትርም አብሬ ገዛሁ። ያለ እሱ ይህን ሁሉ መጻፍ አልችልም ነበር፣ ጣት ነክሮ መገመት አያዋጣም።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ በፈላ ውሃ ሞከርኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ማለትም በ100 ዲግሪ ውሃ ከሚጀምር ሰው እኛ ገና ሳንነሳ 8 ዲግሪ ወደ ኋላ ቀርተናል። የመጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ ሞልቼ ዘጋሁት፤ ከ4 ሰዓት በኋላ 66። በማግስቱ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልቼበት 15 ደቂቃ ዘግቼ አቆየሁት፣ ያንን ደፍቼ ወዲያው አዲስ የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት፤ ከ4 ሰዓት በኋላ 73። ሦስተኛውን ቀን እስከ ግማሹ ብቻ ሞላሁት፤ 57። ትልቅ ዕቃ ገዝቶ ግማሹን ባዶ መተው ገንዘብንም ሙቀትንም ማባከን ነው። የምትይዙት ወጥ ትንሽ ከሆነ ትንሹን ግዙ።

ቅዳሜ ዕለት ወጡ ከምሳ በኋላ ደረሰ። ጾም ስለሆነ ጨውን የምቀምሰው በማሽተት ነው፣ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልገለብጠው ስል የተቀቀሉትን 12 እንቁላሎች ጨመርኩ፣ ቴርሞሜትሩን ሳስገባው ከ90 ወደ 82 ወርዷል። እንቁላሎቹ ጠዋት ተቀቅለው የቀዘቀዙ ነበሩ፣ የወጡን ሙቀት እነሱ ጠጡት። ድስቱን መለስኩት፣ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሃሉ ጭምር ቡልቅ ቡልቅ እስኪል ጠበቅኩ፣ ከዚያ ገለበጥኩት። እንቁላሉን መጨረሻ ላይ ጣል አድርጎ መዝጋት ልማድ ነው፣ ለቤት ምንም አይደለም፣ ለመንገድ ግን አታድርጉት። ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅቤ ደግሞ አትቅዱት፣ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀት ይይዛል።

9 ሰዓት ላይ ተነሳን። ዕቃውን ትሪ ላይ አድርጌ ከኋላ ወንበር ሥር፣ እግር መቆሚያው ላይ አስቀመጥኩት፣ ዙሪያውን በፎጣ ወተፍኩት። እንጀራው በመሶብ፣ አይቡ ደግሞ በሌላ ዕቃ ከበረዶ ጋር ከፊት። አይብን ከትኩስ ወጥ ጎን የሚያስቀምጥ ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ ይቅር። ሰንዳፋን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ልጆቹ ከፍተን እንሽተት አሉ፤ አልፈቀድኩም። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ተመልሶ አይገባም።

12 ሰዓት ላይ እናቴ ቤት ደረስን። ከፈትኩት፣ 74! እናቴ እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት «አሁን ከእሳት የወረደ ነው እንዴ?» አለች። በዚህ በኩል ዕቃው ዋጋውን አውጥቷል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው የእንፋሎት ቀዳዳ ታፈሳለች። ጫጫ አካባቢ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ስንነጥር ቅቤው በቀዳዳዋ ወጥቶ ትሪው ላይ ተጠራቅሞ ነበር። ትሪው ባይኖር የመኪናው ምንጣፍ እስከ መስከረም ዶሮ ዶሮ ይል ነበር። ሁለተኛ፣ የክዳኑ ውስጥ ፕላስቲክ ስለሆነ በርበሬውን ይጠጣል። በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤው ቅላቱ አልለቀቀም፣ ሽታውን ግን ቤኪንግ ሶዳ ለውሼ አሳድሬበት ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ቀነሰ። ሻጩን ደውዬ ብጠይቀው የክዳን መለዋወጫ የለውም።

ሌሊቱስ? ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት፣ ወጡን በእናቴ ድስት እንደገና አፈላሁት፣ ዕቃውንም እንደገና በፈላ ውሃ አሙቄ መለስኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ስንመለስ 58 ነበር። ከመስመሬ በታች። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባም ከፍ ያለች ናት፣ ብርዷን ታውቃላችሁ፣ ወጡም እዚያ የሚፈላው ዝቅ ባለ ዲግሪ ነው። ስለዚህ እንጀራው እስኪዘረጋ እሳት ላይ አወጣሁት፣ እስከ መሃሉ ፈልቶ ነው የወረደው። ብዙ ሰዓት ለብ ብሎ ለቆየ ወጥ እንዲህ ማፍላቱን እንደ መዳኛ አትቁጠሩት፤ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም።

አገልግል እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚለኝ አይጠፋም። አገልግልን እወዳለሁ፣ የእናቴ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ግን በአገልግል የሚሄደው ፍትፍት ነው፣ መንገድ ላይ አረፍ ብለው የሚበሉት ስንቅ። 12 ሰዓት ቆይቶ ለሌሊት የሚቀርብ መረቁ የበዛ ወጥ የእሱ ሥራ አልነበረም።

በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰው ቀርበን በላን። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ቁርሱን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ለገና አልጫውንም ይዤ ለመሄድ ስላሰብኩ ባለ 2 ሊትር ተኩሉን እየፈለግሁ ነው፣ ቀዳዳ የሌለው ክዳን ያለው ያየ ካለ ይጠቁመኝ።