ዓሣዎቼን ለታደገልኝ የደብረ ማርቆስ መስታወት ሠሪ

የተከበራችሁ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ይህን የምጽፈው በከተማችን በመስታወትና በአሉሚኒየም ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት የዋለልኝን ውለታ በዝምታ ማለፍ ስላልቻልሁ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ልጄ ኦስካር የሚባሉ ሦስት ዓሣዎችን ከነመስታወት ሣጥናቸው ከአዲስ አበባ አምጥቶልኝ ነበር። ሻጩ «ከመዳፍ አይበልጡም፣ 60 ሊትር ውኃ ይበቃቸዋል» ብሎ ነው የሸጠለት። አገራቸው ሞቃቱ የአማዞን ተፋሰስ መሆኑን፣ ሲያድጉ 30 ሴንቲ ሜትር እንደሚደርሱና ቦታቸውን በኃይል እንደሚያስከብሩ የነገረን የለም። ዓመት ሳይሞላ ትልቁ ሣጥኑን በሙሉ ርስቱ አድርጎ የሌሎቹን ክንፍ ይቦጫጭቅ ጀመር። ዓሣ አውቃለሁ ያለ አንድ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ውኃውን በሙሉ ደፋና ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ ሞላበት፤ ሲነጋ አንዱ ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ስደውልለት «ዕድሜው ነው» አለኝና ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሣም። ሌላው ደግሞ ምክር ብጠይቀው «ጋሼ፣ ጠብሰው አይበሏቸውም?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ወደዚህ ወጣት የሄድሁት የሣጥኑ ማዕዘን ስላንጠባጠበ ብቻ ነበር። ቤቴ መጣና መሣሪያውን ሳያወጣ በርጩማ ስቦ ግማሽ ሰዓት ያህል ዓሣዎቹን ዝም ብሎ ተመለከተ። ከዚያም «ጋሼ፣ ይኼ ዓሣ ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው፤ ወንዱ ቆሮሶም በመራቢያው ጊዜ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ይሠራና የቀረበውን ሁሉ ያባርራል» አለኝ። ቆሮሶና ኦስካር ዘመዳሞች መሆናቸውን በኋላ ልጄም አረጋገጠልኝ።

አዲሱን ባለ 400 ሊትር ሣጥን ሲሠራልኝ ከአሮጌው ጠረጴዛዬ ላይ አላስቀምጥም አለ። «ውኃው ብቻ አራት ኩንታል ነው፤ ጤፍ ሊጭኑበት ይችላሉ?» ብሎ ጠይቆኝ የብረት መቆሚያ አስበየደ። ስለ ማጣሪያው ብዙ ቢያስረዳኝም አልያዝሁትም፤ የያዝሁት በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ ብቻ፣ ያውም በጀሪካን አድሮ ለብ ባለ ውኃ እንድቀይር ነው።

ዓሣዎቹን ባዛወረ ዕለት ያደረገውን ግን ከዓይኔ ፊት አላጠፋውም። ድንጋዮቹን ከቀድሞው ፈጽሞ በተለየ አኳኋን ደረደራቸው፤ መሀል ላይ አንድ ሰፊ ድንጋይ አቁሞ ወዲያና ወዲህ እንዳይተያዩ አደረገ። አስቀድሞ የተጎዳውን ትንሹን አስገባ፤ ትልቁን ከብዙ ቆይታ በኋላ «ባለርስቱ ዛሬ እንግዳ ይሁን» ብሎ በቀስታ ለቀቀው። ትልቁ የሚያውቀውን ጥግ ፍለጋ ዞረ፣ ዞረ፣ አጣው። ለወራት ከማጣሪያው ጀርባ ተወሽቆ የኖረው ትንሹ ያን ዕለት ማታ ወደ ላይ ወጥቶ ምግቡን በላ። ዛሬም አልፎ አልፎ ይባረራል፤ ነገር ግን የሚሸሽበት ስፍራ አለው።

በሐምሌ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው በቆመ ጊዜ ብደውልለት፣ በዚያ ዝናብ መጥቶ ሣጥኑን በራሱ ጋቢ ጠቀለለው፤ ሙቅ ውኃ የሞላባቸውን ሃይላንዶችም ውስጡ አንሳፈፈ። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ።

ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ አልጻፍሁም። መስታወት ሠሪዎቹ ዘንድ ሄዳችሁ «ጣና ዳር ያደገው ልጅ» ብትሉ ያሳዩዋችኋል። የመስኮት መስታወትም ቢሆን፣ የዓሣ ሣጥንም ቢሆን፣ እባካችሁ እርሱን አሠሩት፤ በዋጋም አትከራከሩት። ጋቢውን ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ኅዳር ገባ፣ አሁንም መጥቶ አልወሰደውም።