ለሠርግ ቮልስ፣ ለአባይ ቁልቁለት ቪትዝ

አዲስ አበባ ለእረፍት መጥታችሁ መኪና ስትከራዩ ከዋጋው በፊት መንገዱን አስቡ። ያወዳደርኳቸው የ1969 ቮልስ 1300፣ ከነሹፌሩ ለሠርግ፣ እና አውሮፓ ውስጥ ያሪስ የምንላት ባለ1 ሊትር የ2008 ቪትዝ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው)። ቪትዟ አባይን ተሻግሮ ለሚወስደው የደጀን መንገድ ነበረች።

ቮልሷን የሚያከራየው መካኒክ ነው፤ አያያዙ ያስመሰግነዋል። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይራል። የቫልቭ (የሞተሩ የአየርና የጭስ መዝጊያ) ክፍተቱን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ያስተካክላል። ሦስተኛውን ሲሊንደር ለይቶ መፈተሹ ትክክል ነው፤ በዚህ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚጋርድበት ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለው እዚያ ነው።

ለሠርገኞች አጥብቄ የምናገረው ስለ አበባው ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘውን አየር የሚስበው ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ክፍተቶች ነው። ሪባንና አበባ እዚያ ላይ ከተነጠፈ ሞተሩ ይታፈናል። አበባው የፊት ኮፈኑ ላይ ይሁን። ሌላው ቺንጋው ነው፦ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ቬንትሌተር የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ስለሆነ የዲናሞው ቀይ መብራት ድንገት ከበራ ወዲያው ይቁም። «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ መንዳት ሞተሩን አግሎ ያስነክሳል (እንዳይዞር ያጣብቃል)። በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት፤ መለዋወጫ ቺንጋና 21 ቁልፍ መኪናው ውስጥ ይኑር።

40 የፈረስ ጉልበቷ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉን ታጣለች። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፤ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) በጥቀርሻ ከጠቆረ ቤንዚን የሚለካውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው። ቪትዝም ጉልበት ታጣለች፣ ግን ሴንሰሩ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የቮልሷ አራቱም ፍሬኖች ታምቡር (ከበሮ መሰል፣ ዝግ) ናቸው፤ ሲግሉ ይከዳሉ፤ እዚያ አትውሰዷት። ቪትዟ ከፊት ዲስክ አላት፤ እሷንም በሁለተኛ ማርሽ አውርዷት።

የቪትዟ አከራይ ግን አላስደሰተኝም። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቷ ከጅምሩ አይበራም ነበር። ቁልፉን ሳታስነሱ ስታዞሩት መብራቱ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ ብልሽት ለመደበቅ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በራዲያተሩ ውስጥ የነበረው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ይህ የውሃ ፓምፑን ያዝገዋል። ስኮርት ጎማዋም ነፋስ አልነበራትም። ጎማው ጎን ላይ 2319 ተጽፎ ካያችሁ በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት አምስቱንም አንብቡ።