ኤል1 ወይስ ኤል2፦ የቱ ቢቀየር ቫይረሱ ይጎዳል?

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ከአንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ጋር ስንጨዋወት የተነሳ ጥያቄ ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው የፓፒሎማ ቫይረስ ቅርፊት ሁለት ፕሮቲኖች አሉት፤ ኤል1 እና ኤል2። ኤል1 ግድግዳው ነው። 360 ቅጂዎቹ አምስት አምስት እየሆኑ 72 ጉብታ ይሠራሉ። ዓይነት 16 በሚባለው የቫይረሱ ዝርያ ላይ በኤል1 ሰንሰለት 175ኛና 428ኛ ቦታ ያሉት ሲስቲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ተሳስረው ጎረቤታሞቹን ጉብታዎች ያያይዛሉ። አንዱ ሴሪን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ከተተካ ቅርፊቱ በወጉ አይገጣጠምም። ነገሩ ከመነሻው ተበላሸ ማለት ነው።

ኤል2 ሌላ ነው። እሱ ባይኖርም ቅርፊቱ ይቆማል። በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶቻችን መሰጠት የጀመረው ክትባትም ከኤል1 ብቻ የተሠራ ነው። ፉሪን የተባለው የሴል ኢንዛይም ኤል2ን የሚቆርጥበት ቦታ ሲቀየር ግን ቫይረሱ ሴል ውስጥ ቢገባም ዲኤንኤውን ኒውክሊየስ አያደርስም። መልኩ ሙሉ፣ ግን የማይበክል! እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።